ስሕተቱን ማን ያነባል?

አባት፦ እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ ልጄን ከጥናቱ ላስወጣት ነው የመጣሁት። ጠዋት 2 ሰዓት ትምህርት ቤት ትገባለች፣ 9 ሰዓት ተኩል ትወጣለች፣ ከዚያ ደግሞ እዚህ ኮሙናል ውስጥ ቃል ጽሕፈትና ማባዛት ይጠብቃታል። የአራተኛ ክፍል ልጅ እኮ ናት። መቼ ልትጫወት ነው?

አስጠኚ፦ ቅርም አይለኝ። ግን እኔ ጋ ምን ያህል እንደምትቀመጥ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ሃያ ደቂቃ ነው። ግማሹ ለቃላት፣ ግማሹ ለሒሳብ። ከዚያ በኋላ አንተ የጎተራው መንገድ ተዘጋግቶብህ እስክትደርስ ድረስ ውጭ ስትሯሯጥ ነው የምታመሸው። ሁለት ሰዓት አስቀምጫት ቢሆን ኖሮ ከአንተ በፊት እኔው አስወጣት ነበር።

አባት፦ ሃያ ደቂቃም ቢሆን ሽምደዳ ያው ሽምደዳ ነው። ባለፈው እሑድ ፈተንኳት። የማባዣ ሰንጠረዡን ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ሳትተነፍስ ወረደችልኝ። ደስ አለኝ። ቀጥዬ፣ "ቤታችን ድግስ ቢኖር፣ ሰባት ጠረጴዛ ብንዘረጋ፣ በእያንዳንዱ ዙሪያ ስምንት ሰው ቢቀመጥ፣ ስንት ወንበር እንከራይ?" አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አባዬ፣ ልደምር ወይስ ላባዛ?"

አስጠኚ፦ እኔ ብሆን በዚህ ጥያቄዋ ደስ ይለኝ ነበር።

አባት፦ እንዴት ተደርጎ?

አስጠኚ፦ የጎደላት የቱ እንደሆነ ራሷ ነገረችህ። ሰባት ጊዜ ስምንትን ታውቃለች፤ መቼ እንደምትጠቀምበት ግን አታውቅም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱም መለማመድ ይፈልጋሉ። ሰንጠረዡን ጭራሽ ባታውቀው ኖሮ ጠረጴዛዎቹን ስላ፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጥራ፣ መሐል ላይ ጥያቄው ምን እንደነበር ትረሳው ነበር። ሃምሳ ስድስት አፏ ላይ ካለ አሳቧ ለድግሱ ነፃ ይሆናል። እኔ እንደሷ ላሉ ልጆች የምሰጠው ጥያቄ አለ፦ ከመስቀል እስከ ገና ስንት ቀን ነው? መስቀል መስከረም 17፣ ገና ታኅሣሥ 29። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከመስከረም 17 እስከ ታኅሣሥ 17 ሦስት ጊዜ 30 ነው፤ ከዚያ 12 ይጨመራል። 102 ቀን። እዚህ ላይ ማባዛትም አለ፣ መደመርም አለ፣ የትኛው የት እንደሚገባ የሚነግራት ሰው ግን የለም። የመጀመሪያ ቀን ታለቅሳለች። በሌላ ቀን ከፋሲካ እስከ ዘመን መለወጫ ያለውን ካልቆጠርኩ ትልሃለች፤ ጳጉሜ ላይ ስትደርስ ደግሞ ትጣላኛለች።

አባት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ይህ ልምምድ አይደለም እኮ፤ ማስተማር ነው። እኔ የምቃወመው የማያልቀውን ወርክሺት ነው። በሳምንት አንድ ደብተር እየሞላ ነው።

አስጠኚ፦ በእሱ ላይ አንለያይም። እስቲ ይህን ገጽ እየው። የእሷው የትምህርት ቤት ደብተር ነው።

አባት፦ 402 ሲቀነስ 138። መልስ፣ 336። ኤክስ ተደርጎበታል። ቀጥሎ ያለውም ኤክስ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም።

አስጠኚ፦ ከገጹ ግርጌ ምን ይላል?

አባት፦ "የበለጠ ተለማመጂ።"

አስጠኚ፦ አሁን 336ን አንብበው። ከየት መጣ? ከ4 ላይ 1 ሲነሣ 3። ከ0 ላይ 3 አይነሣም፣ ስለዚህ ገልብጣ ከ3 ላይ 0 ቀነሰች፣ 3። ከ2 ላይ 8 አይነሣም፣ ገልብጣ ከ8 ላይ 2 ቀነሰች፣ 6። ልጅህ ግድ የለሽ ሆና አይደለም፤ ሕግ አላት። "ሁልጊዜ ትንሹን ከትልቁ ቀንሺ" የሚል ሕግ፣ ራሷ ያወጣችው። ሦስቱንም ጥያቄዎች በዚያው ሕግ ነው ያለ ምንም መዛነፍ የሠራቻቸው። "የበለጠ ተለማመጂ" ስትባል ምን ታደርጋለች? የተሳሳተውን ሕግ አርባ ጊዜ ትለማመደዋለች። አርባውን ሠርታ ስትጨርስ ከበፊቱ ይልቅ አምናበት ነው የምትነሣው።

አባት፦ ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?

አስጠኚ፦ ገንዘብ ነበር ያወጣሁት። አራት ባለ መቶና ሁለት አንድ አንድ ብር ሰጠኋት። "መቶ ሠላሳ ስምንት ብር ክፈይኝ" አልኳት። አንዱን መቶ ሰጠችኝ። ሠላሳውን ከየት ታምጣ? ኪሷ ውስጥ ዐሥር ብር የለም። ፈዝዛ ቆየችና "ይመነዘርልኝ" አለች። ያቺ ቃል ናት ሒሳቡ። መቶዋ ዐሥር ባለ ዐሥር ሆነች፤ ስምንቱን ለመክፈል ደግሞ ከባለ ዐሥሮቹ አንዷ እንደገና ተመነዘረች። እጇ ላይ የቀረውን ስትቆጥር 264። ከዚያ ቀን ወዲህ በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንድ ብቻ እሰጣታለሁ፣ መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት። አንድ ብቻ!

አባት፦ እትዬ፣ አሁን የእኔን ክርክር እርስዎ ራስዎ ጨረሱልኝ። የረዳት ልምምዱ ሳይሆን የእርስዎ ዐይን ነው። ስሕተቷን ቁጭ ብሎ ያነበበላት ሰው ስለተገኘ ነው። ስለዚህ ወርክሺቱን እንጣለውና ዐይን ያለው ሰው እንፈልግ።

አስጠኚ፦ ባትጽፍልኝ ምን አነብ ነበር? ልምምድ ስሕተቱን ወደ አደባባይ ያወጣዋል። ከታረመ በኋላም ካልተደጋገመ ይጠፋል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች እያጠና ራሱን በራሱ ፈትኖ ነበር። በአንድ ጊዜ ተከምሮ ከተጠናው ይልቅ በቀናት ተከፋፍሎ የተደገመው እንደሚጸና አሳየ። ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግህም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፣ በዓለም መድረክ ተሸልሟል። ከዘመቻው በኋላ ግን የሚያነቡትና የሚጽፉት ነገር ያላገኙ ብዙዎች መልሰው ረሱት። ሰዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ የሚደግሙበት አጥተው ነው።

አባት፦ ሒሳቡን ልተውልዎት። የቃል ጽሕፈቱ ግን በፍጹም አይገባኝም። መስቀል ፍላወርን ከላይ እስከ ታች ይሂዱበት። አንዱ "ፀጉር ቤት" ብሎ ጽፏል፣ አንዱ "ጸጉር ቤት"፣ ሌላው "ጠጉር ቤት"። ሦስቱም ጋ ሰው ይቆረጣል። ሊቃውንቱ ስለ ሞክሼ ፊደላት ሲከራከሩ ስንት ዐሥርት ዓመት አለፈ፣ አልተስማሙም። አዋቂው ያልተስማማበትን በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ቀይ እስክሪብቶ እናንሣ?

አስጠኚ፦ በፀ እና በጸ ላይ ቀይ አንሥቼ አላውቅም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ወጥቷል፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም.፤ መሠረቱን የሚፈልግ አዋቂ እዚያ ያገኘዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ልጅህ ባለፈው "እናቴ ገባያ ሄደች፣ እኔ ትምርት ቤት ሄድኩ" ብላ ጻፈች። "ገባያ" የጆሮ ጉዳይ ነው፤ ግዕዙና ራብዑ ተምታተውባታል፣ ቀስ ብላ ስትጠራው ራሷ ታርመዋለች። "ትምርት" ግን በጆሮ አይታረምም፣ ሰው ሁሉ የሚለው እንደዚያው ነውና። እዚህ ላይ ነው እርባታው የሚጠቅመው። "የሚያስተምርሽ ማን ይባላል?" ብዬ "መምህር" አስባልኳት። ህ ብቅ አለች። "ይህቺ ህ ትምህርት ውስጥም ተቀምጣለች፣ ዝም ብላ" አልኳት። ጻፈ ስትል የማትሰማት ሐ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ ስትል እንደምትመጣው ማለት ነው። አንድ ቃል ከነዘመዶቹ የተማረች ልጅ አምስት ቃል በቃሏ አትሸመድድም።

አባት፦ ስልኩ ያርምላታል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ።

አስጠኚ፦ ስልኩ "ዋና" የሚለውን ቃል አይቶ የሚዋኝበትን ይሁን ዋነኛውን እንዴት ያውቃል? አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል፣ በወረቀት ላይ ግን አንድ ናቸው። አንባቢዋ ናት ከዐረፍተ ነገሩ የምትፈርደው። ያንን ፍርድ የምታገኘው በማንበብና በመጻፍ ብቻ ነው።

አባት፦ ይሁን። ግን ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። ያኔ ጸሐፊና ጽሕፈት ምን ሊያደርጉላት? አብዛኛው ወላጅ እኮ የግል ትምህርት ቤት የሚከፍለው እንግሊዝኛውን ብሎ ነው።

አስጠኚ፦ በ2002 ዓ.ም. በየክልሉ ልጆች በሚማሩበት ቋንቋ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከተሰጣቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በእንግሊዝኛ አይደለም፤ እናታቸው በምትናገርበት። ፊደል ከድምፅ ጋር እንደሚያያዝ በገዛ ቋንቋው ያልተገለጠለት ልጅ በባዕድ ቋንቋ ይገለጥለታል ብለህ ታስባለህ?

አባት፦ አላስብም። እንዲያውም እኔ የምጨምርልዎት ቁጥር አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። አገር ሙሉ የወደቀበትን ነገር በኮሙናል ውስጥ በሃያ ደቂቃ እንጠግናለን ማለት ግን...

አስጠኚ፦ ከእነዚያ ልጆች ስንቱ አራተኛ ክፍል ላይ 336 ብሎ ጽፎ፣ ማንም ሳያነብለት ያለፈ ይመስልሃል?

አባት፦ አላውቅም። እርስዎም አያውቁም።

አስጠኚ፦ ልክ ነህ፣ ቁጥር የለኝም። የማውቀው ግን አለ። ለዓመታት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዳይደግም ተብሎ ሁሉም አንድ ላይ ሲያልፍ ኖሯል። አሳቡ ደግ ነበር፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳይቀር። ግን ያልያዘውን ይዞ የሚያልፈው ልጅ ጉድለቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። የኔታ ጋ እንዲህ አልነበረም። ሀሁ ያልጨረሰ አቡጊዳ አይገባም፤ ንባብ ያልወጣለት ዳዊት አይደግምም። በዕድሜ የሚበልጠው ከታናሹ ጎን ተቀምጦ ያው ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል፣ የቀደመው ደግሞ የኋለኛውን ያስቆጥራል። እያንዳንዱ ልጅ ያለበት ቦታ ይታወቃል።

አባት፦ አለንጋውንስ ረሱት? አባቴ ጀርባው ላይ ምልክቱን ይዞ ነው የሞተው። ከየኔታ ቤት ጠፍቶ ሁለት ቀን ጫካ አድሯል።

አስጠኚ፦ አልረሳሁትም፣ አለንጋው ይቅር። ልጁን ካለበት ቦታ መጀመሩ ግን መቅረት አልነበረበትም። ህንድ ውስጥ ፕራትሃም የሚባል ድርጅት ልጆችን ለተወሰነ ሰዓት በክፍል ሳይሆን በሚችሉት መጠን እየመደበ ማስተማር ጀምሮ ውጤቱ ዓለም ሁሉ የሚያጠናው ሆኗል። እኛ የነበረንን ትተን፣ ሌሎች አዲስ ብለው አገኙት።

አባት፦ እትዬ፣ እስካሁን ያልነገርኩዎት ዋናው ነገር አለ። እዚህ ኮሙናል የሚመጡት እነማን ናቸው? ወላጅ ያላቸው፣ ወላጃቸው ስለ ትምህርት የሚያስብላቸው። ከዚህ ወጥተው የመብራት ምሰሶዎቹን ቢያዩ "ቤት ለቤት እናስጠናለን" የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት የለም። ገንዘብ ያለው ይጠራል። የሌለው ይቀራል። ጥናቱ በሠመረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ልጄ ከጎኗ ከምትቀመጠው ልጅ በለጠች ማለት፣ ያቺ ልጅ ወደ ኋላ ቀረች ማለት ነው።

አስጠኚ፦ እኔ አላስከፍልም።

አባት፦ አያስከፍሉም፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ስንት ልጅ ሊይዙ ይችላሉ?

አስጠኚ፦ ጥቂት። እሱንም አልክድም። ከካዛንቺስ የሚመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲነሣ ቤተሰቡ ገላን ጉራ ገባ። ልጆቹ ዓመቱ ሳይጋመስ ትምህርት ቤትም፣ አስጠኚም፣ ጓደኛም ቀየሩ። የሚያሳድጓቸው አያታቸው ናቸው፣ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት። ከመሄዳቸው በፊት አስጠርቻቸው "እማማ፣ እርስዎ ያስጠኗቸዋል" ስላቸው የቀለድኩባቸው መስሏቸው ተቆጡኝ። ቀልድ አልነበረም። እኚያ ሴት ሦስት መደብ ሽንኩርት፣ ሁለት መደብ ቲማቲም ሸጠው ከሁለት መቶ ብር መልስ ሲሰጡ እኔ ገና አልደመርኩም። ልጆቹ ከአጠገባቸው ተቀምጠው መልሱን ቀድመው ይናገሩ፣ ከተሳሳቱ "ገንዘቤን አከሰርከኝ" ይበሏቸው አልኩ። ማታ ደግሞ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እሳቸው "ከዚያስ?" እያሉ ይጠይቁ። የሚያነበው ነገር ትርጉም ካልሰጠ የሚሰማ ሰው ያውቃል።

አባት፦ ደረሰላቸው?

አስጠኚ፦ ሒሳቡ አዎ፣ ትልቁ ልጅ ይደውልልኛል። የቃል ጽሕፈቱ አልደረሰም። ስሕተትን በጆሮ መያዝ እስከተወሰነ ድረስ ነው፤ "ትምርት" ተብሎ የተጻፈውን እሳቸው አያዩትም።

አባት፦ እንግዲህ እውነቱን ተናገሩ። የእርስዎ ዐይን ሲቀር ነገሩም ቀረ። እና አሁን ከሁሉ የባሰውን ልንገርዎት። እርስዎ በነፃ በሠሩ ቁጥር ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ይቀንሳል። "የበለጠ ተለማመጂ" ብላ የጻፈችው መምህርት ለምን እንደዚያ ጻፈች? ቤት ውስጥ አንድ ሰው ያያታል ብላ ነው። የቤት ሥራ ለወላጅ የሚሰጠው፣ አስጠኚ ስላለ ነው። በጎነትዎ ለጉድለቱ መሸፈኛ ሆኗል።

አስጠኚ፦ ከባድ ነገር ተናገርክ።

አባት፦ ላስከፋዎት ብዬ አይደለም።

አስጠኚ፦ አልከፋኝም። ግን መምህርቷን አትፍረድባት። ሃምሳ ልጅ አላት እንበል። ሃምሳ ደብተር በየቀኑ አንብቢ ማለት አታንብቢ ማለት ነው፤ ለዚያ ነው ኤክስና ራይት ብቻ የሚቀረው። በቀን አምስት ብታነብስ? አምስቱን ግን አጥብቃ፣ እያንዳንዱን 336 ከየት መጣህ እያለች። በዐሥር የትምህርት ቀን ሃምሳውም ይዳረሳል። ተመሳሳይ ሕግ ያወጡት ልጆች ስለሚበዙ በሦስተኛው ቀን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ታሳያቸዋለች። የሚሰጠውም የቤት ሥራ ይቀንሳል፤ ዐሥራ አምስት ጥያቄ ሳይሆን አራት በቂዋ ነው።

አባት፦ ማን ያዛታል? ደመወዙ ስለማይበቃት ከ10 ሰዓት በኋላ እሷም ቤት ለቤት ታስጠናለች። እነዚያ አምስት ደብተሮች የሚነበቡበት ሰዓት የተሸጠ ሰዓት ነው።

አስጠኚ፦ ለዚያ መልስ የለኝም። ደመወዟን እኔ አልጨምርላትም። ግን ወላጆች ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ስትጠሩ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ምግብ ብቻ ስትነጋገሩ ነው የማየው። ይህን ደብተር ይዘህ ሂድ። መምህርቷን ለመክሰስ አይደለም፤ "አራት ጥያቄ ስጡልን፣ ግን ይነበብልን" ብላችሁ ለመጠየቅ ነው። የማንበቢያ ሰዓት በሥራ ሰዓቷ ውስጥ ይመደብላት ብላችሁ ለርእሰ መምህሩ ተናገሩላት።

አባት፦ "የአንተ ልጅ አስጠኚ አላት፣ ምን ጎደለባትና ነው?" ቢሉኝስ?

አስጠኚ፦ ከጎኗ የምትቀመጠዋን ልጅ ደብተር አሳያቸው። አስጠኚ የላትም፣ 336 ግን ሳይኖራት አይቀርም።

አባት፦ የሰው ልጅ ደብተር ምን ቤት ነኝ ብዬ አሳያለሁ?

አስጠኚ፦ ከእናቷ ጋር ሂድ። ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሕንፃው ጀርባ በቆሎ የምትጠብሰው ናት።

አባት፦ አውቃታለሁ። ስብሰባው ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ለእሷ ገበያ የሚደራበት ሰዓት። ከምድጃዋ ተነሥታ ብትመጣ የዕለት ገቢዋ ይቀርባታል። ለዚህ ነው መጥታ የማታውቀው፤ ስለ ልጇ ስለማታስብ አይደለም።

አስጠኚ፦ እንግዲያው መጀመሪያ የምትጠይቁት ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት እንዲሆን ነው፣ ምድጃው ሳይቀጣጠል።

አባት፦ ያኔ ደግሞ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

አስጠኚ፦ አንተ ማስፈቀድ ትችላለህ። እሷን የሚያስፈቅዳት የለም።